ትንሽ መኪና በግጭት ጊዜ ሰውን ትጠብቃለችን?

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ከቀረቡት አርእስቶች መካከል እንደዚህኛው ጫጫታ ያስነሣ የለም። አርእስቱ «ትንሽ መኪና በግጭት ጊዜ ሰውን ትጠብቃለች ወይስ አትጠብቅም» የሚል ነበር። ተከራካሪዎቹ ገና ከመድረክ ሳይወርዱ ከታች የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ይጯጯኽ ጀመር፤ የዕለቱ ሊቀ መንበርም ደወሉን ቢደውል የሚሰማው አላገኘም። ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ከመካከላችን ወላጆቻቸው መኪና ካላቸው ልጆች የብዙዎቹ መኪና ትንሽ ነው፤ ጧት ጧት አራትና አምስት ሆነን ተጠጋግተን ወደዚህ ግቢ የምንገባው በዚያችው በትንሿ መኪና ነው። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ሩቅ አገር ነገር ሳይሆን ስለ ገዛ እናትና አባታችን፣ ስለ ራሳችንም አንገትና ጉልበት ነበረ።

ደግሞም ሁላችን የምናውቀው አንድ ነገር ከበስተኋላው ነበር። ባለፈው ዓመት ከክፍላችን አንዲት እኅታችን በአጎቷ ትንሽ መኪና ወደ ቤቷ ስትመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጩ። አጎቷ ጋቢና ሆነው ሲነዱ ቀበቷቸውን ታጥቀው ስለ ነበር በጥቂት ቁስል ተረፉ። እርሷ ግን ከኋላ ያለ ቀበቶ ተቀምጣ ስለ ነበር ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላትማ እግሯ ተሰበረ፤ ወደ እኛ የተመለሰችውም ከሁለት ወር በኋላ በክራንች ነው። የኋላው ወንበር ቀበቶ ጠፍቶ አልነበረም፤ በቅርብ የተሰፋው የወንበር ልብስ ከላይ ስለ ለበሰው መቈለፊያው ከሥር ተቀብሮ ኖሮአል። ይህን ታሪክ እርሷ ራሷ ፈቅዳልን ነው የጻፍነው።

ክርክሩ የቀረበው እንዲህ ነበር። አንደኛው ወገን «የድሮ መኪና ብረት ነበር፤ የዛሬው ጣሳ ነው፤ በትንሽ ነገር ይጨማደዳል፤ ትንሿማ ከነጭራሹ አትታሰብ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የዛሬዋ ትንሽ መኪና ተመርምራ አምስት ኮከብ አግኝታለች፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ» ብሎ መለሰ። የፊዚክስ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው ፍርድ እንዲሰጡ ቢጠየቁ «ሁለታችሁም የምትናገሩበትን ነገር ታሪኩን አታውቁትም፤ መጀመሪያ እርሱን አጥኑ» አሉን። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሆነን ሥራውን ተከፋፍለን ያነበብነውንና ያሰላነውን ነው ዛሬ ለዓመት መጽሐፋችን የምናቀርበው። የኢትዮጵያ መሆኑን ካልገለጽን በቀር የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ በፊት አንድ ትንሽ ሒሳብ ማስቀደም ግድ ሆኖብናል። አንድ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በምትሮጥ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ እርሱም ራሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሮጠ መሆኑን ይዘነጋዋል። መኪናይቱ ድንገት ብትቆም የእርሱ ሰውነት ሩጫውን ይቀጥላል፤ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ። በዚህ ፍጥነት ከግንብ ጋር መላተም 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ፣ ማለት ከሦስት ፎቅ ያህል፣ ወደ መሬት ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ የሰውየው ዕድል የተንጠለጠለው ለመቆም በሚያገኘው መንገድ ላይ ነው። ሰውነቱ ለመቆም ግማሽ ሜትር ካገኘ የገዛ ክብደቱ 20 ጊዜ ያህል ተባዝቶ ይጫነዋል፤ ሩብ ሜትር ብቻ ካገኘ 40 ጊዜ ያህል ይሆንበታል። ግንባሩን ከብረት ጋር አላትሞ በሁለትና በሦስት ሣንቲ ሜትር ውስጥ ለሚቆም ሰው ግን ሒሳቡን ማውጣትም አያስፈልግም።

ይህ ነገር ዛሬ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን መኪና ከተሠራ በኋላ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚበዙት ሠሪዎች አላሰቡበትም ነበር። አደጋ ማለት የሾፌሩ ጥፋት ነው፤ የሞተውም ዕድሉ ነው ይባል ነበር እንጂ፣ መኪናይቱ ራሷ እንዴት አድርጋ እንደ ገደለችው የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ አሜሪካዊው ሂው ዴሄቨን ነው። እርሱ በ1917 የአውሮፕላን ነጂነት ሲማር ሁለት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው ከወደቁበት አደጋ በብርቱ ቈስሎ ተረፈ። «እኔ ለምን ተረፍሁ» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። በ1942ም ከ15 እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው የዳኑ ሰዎችን ታሪክ መርምሮ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ የዳኑትም የወደቁበት ነገር ጥቂት ጐብጦ፣ ጥቂት ሰጥሞ፣ ለመቆም መንገድ ስለ ሰጣቸው መሆኑን አስረዳ። እቃ በሣጥን ሲላክ እንዳይሰበር በገለባ ተጠቅልሎ እንደሚታሸግ ሁሉ፣ ሰውም በመኪና ውስጥ መታሸግ እንደሚገባው ያስተማረ እርሱ ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ጆን ፖል ስታፕ ነው። ይህ ሰው ለምርመራ ሌላውን ሰው አልላከም፤ ራሱ ተቀመጠ እንጂ። በታኅሣሥ 10 ቀን 1954 በኒው ሜክሲኮ በረሓ በሮኬት በሚገፋ ጋሪ ላይ በጠንካራ ቀበቶ ተጠፍሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከበረረ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ክብደቱ 46 ጊዜ ያህል ተባዝቶበታል። ዐይኖቹ ደም ለብሰው ለጊዜው ማየት ተሳነው እንጂ አልሞተም፤ እስከ 89 ዓመቱም ኖሯል። ስታፕ በዚህ ያሳየው ነገር ታላቅ ነው፤ የሰው ሰውነት በሚገባ ከታሰረና የሚጨፈልቀው ነገር ከሌለ እጅግ ብርቱ የሆነ ግጭት ሊችል ይችላል። እንግዲህ በመኪና የሚሞተው ሰው የሚሞተው ግጭቱ ከሰው አቅም በላይ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በክፉ ሁኔታ ስለ ተቀመጠ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰው ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ነው። ቤላ ባሬኒ ይባላል፤ በ1907 በቪየና አጠገብ የተወለደ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነው። ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1925፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ለተራው ሕዝብ የምትሆን ትንሽ መኪና ነደፈ። ይህ ሐሳብ በኋላ እኛ ቮልስ የምንላት የቮልስዋገን መኪና ሐሳብ ነው፤ እርሱም ከብዙ ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ተከራክሮ የሐሳቡ አባትነት ታውቆለታል። ታዲያ ይኸው የትንሿን መኪና ሐሳብ ያፈለቀ ሰው በ1939 ወደ መርሴዲስ ፋብሪካ ገብቶ በ1951 አንድ እንግዳ ሐሳብ አስመዘገበ። የዚያን ዘመን መሐንዲሶች ሁሉ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠንካራ ትሁን ሲሉ፣ እርሱ ግን መሐለኛው፣ ማለት ሰው የሚቀመጥበት ክፍል፣ እንደ ሣጥን ይጠንክር፤ የፊቱና የኋላው ግን ሆን ተብሎ ደካማ ሆኖ ይሠራና በግጭት ጊዜ ይጨማደድ አለ። የሚጨማደደው ላሜራ ነው ያንን ግማሽ ሜትር ለሰውየው የሚገዛለት።

በክርክራችን «የዛሬ መኪና ጣሳ ነው» ያለው ወገን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጋራዥ የተጨማደደ ኮፈን ያየ ሰው መኪናይቱን ይሰድባል። መጨማደዷ ግን ሥራዋ ነው። ጥፋት የሚሆነው ጋቢናው ሲጨማደድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የ1959 ዓመት ይመጣል፤ በእኛ አቈጣጠር 1951 ዓ.ም. መጨረሻው ላይ ማለት ነው። ወረቀታችንን ስንሰበስብ የሁሉም ነገር ዓመት አንድ ሆኖ ስላገኘነው የተሳሳትን መስሎን ደግመን አይተነዋል። በነሐሴ 1951 ዓ.ም. የባሬኒ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የተሠራበት የመርሴዲስ መኪና ለሕዝብ ታየ። በዚያው ወር በ7ኛው ቀን የስዊድኑ ቮልቮ ፋብሪካ ትከሻንና ወገብን ባንድነት የሚይዝ፣ በሦስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ ያለበትን የመጀመሪያ መኪና አስረከበ። ይህን ቀበቶ የፈለሰፈው ኒልስ ቦሊን አስቀድሞ ከጦር አውሮፕላን ውስጥ ነጂውን ወደ ውጭ የሚወረውር ወንበር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። አሳዳሪዎቹም ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀዱ። ንግድ ሲባል ሁሉም ስግብግብ ነው ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህችን እናስታውሳቸዋለን።

በዚያው ወር በ20ኛው ቀን ደግሞ በእንግሊዝ አገር አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሚኒ ወጣች፤ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ5 ሣንቲ ሜትር፣ ክብደቷም 600 ኪሎ ገደማ። ሞተሩን አግድም አድርጎ በማስቀመጡ በዚያች ትንሽ አካል ውስጥ አራት ሰው አስቀመጠ፤ ብልኅነቱ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎች የሚከተሉት ነው። ነገር ግን ከተሳፋሪው ጉልበት እስከ ፓራውልቱ ያለውን መንገድ ያየ ሰው ያንን ግማሽ ሜትር ከየት እንደሚያገኘው ግራ ይገባዋል። የትንሽ መኪና ጣጣ በሙሉ በዚህ ውስጥ ይታያል፤ ቦታውን ሁሉ ለሰው ስትሰጠው ለመጨማደድ የሚተርፍ አይኖርም።

በእኛም አገር በዚያ ዘመን ከተማውን የሞሉት ትንንሽ መኪናዎች ነበሩ። አባቶቻችን ሴይቼንቶ የሚሏት ፊያት 600 ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በአዲስ አበባ የታክሲ ሥራ ትሠራ ነበር፤ ቮልስም የመምህሩ፣ የነርሷና የቢሮ ጸሐፊው መኪና ነበረች። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው። የቮልስ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ከፊት ከሻንጣው ሥር መሆኑን ያያት ሁሉ ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ በነበሩት መኪናዎች፣ ትንሹም ትልቁም፣ መሪውን የሚሸከመው ዘንግ ቀጥ ያለ ብረት ስለ ነበር ከፊት ሲገፋ ወደ ሾፌሩ ደረት እንደ ጦር ይመጣ ነበር። እኛ ቮልስን አንጠላትም፤ ከመካከላችን አንዱ አያቱ እስከ ዛሬ ይነዷታል። በሜክሲኮም እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ ስትሠራ ቆይታ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆናለች። ነገር ግን የምንወደውን ነገር ሁሉ ከጉዳት ይጠብቀናል ማለት አንችልም። በ1972 በአሜሪካ አገር ስለ ቮልስዋገን የአደጋ ጉድለት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ታትሞባታል።

አሜሪካ ከተነሣች አይቀር፣ በኅዳር 1965 ራልፍ ኔደር የሚባል ወጣት የሕግ ዐዋቂ የመኪና ፋብሪካዎችን የሚከስ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ የሚጀምረው ሞተሯ ከኋላ በሆነችው ኮርቬር በምትባለው መኪና ነው። በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደኅንነት ሕግን ፈረሙ፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮም ቀበቶ የሌለው መኪና እንዳይሸጥ ተወሰነ። በ1967 ቦሊን በስዊድን አገር በደረሱ 28,000 አደጋዎች ላይ የተደረገውን ጥናት አቀረበ። ሦስት ጫፍ ያለውን ቀበቶ ከታጠቁት መካከል በሰዓት ከ96 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት የሞተ አልተገኘም፤ ካልታጠቁት ግን በየትኛውም ፍጥነት የሞቱ ነበሩ። ይህን ስናነብ ያቺ እኅታችን አጠገባችን ነበረች፤ ምንም አልተናገረችም።

አሁን ወደ ኮከቡ ነገር እንምጣ። በየካቲት 4 ቀን 1997 ዩሮ ኤንካፕ የሚባለው የአውሮጳ የመርማሪዎች ማኅበር የመጀመሪያውን ውጤት አወጣ። የተመረመሩት ሰባቱም ትንንሽ መኪናዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜው ምርመራ መኪናይቱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሮጠች በፊቷ አንድ ጎን ከሚጨማደድ መከለያ ጋር ትላተም ነበር፤ በውስጧም ሰው መሳይ አሻንጉሊት ይቀመጥ ነበር፤ በአሻንጉሊቱም ራስ፣ ደረትና እግር ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የደረሰውን ኃይል ይመዘግቡ ነበር። ከሰባቱ መካከል ሮቨር 100 የምትባለው፣ መሠረቷ በ1980 የወጣችው ኦስቲን ሜትሮ፣ አንድ ኮከብ ብቻ አገኘች። ጋቢናዋ ተጨፍልቆ የታየበት ሥዕል በየጋዜጣው ወጣ፤ የሚገዛት ጠፋ፤ በዚያውም ዓመት ሥራዋ ቆመ። የመኪና ሠሪዎች ፈተናው ከልክ በላይ ስለ ከበደ አራት ኮከብ የሚያገኝ መኪና አይኖርም ብለው ሲያጕረመርሙ፣ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዓመት አንድ ቮልቮ አራት አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ተኩል ብቻ የሆነች ፊያት 500 አምስት ኮከብ ወሰደች። እንግዲህ ጥፋቱ በትንሽነት ብቻ እንዳልነበረ ታየ። ብረቱ ተሻሽሏል፤ ጋቢናው ተጠናክሯል፤ የአየር ከረጢቱም ከመሪው ውስጥ ወጥቶ ደረትንና ራስን የሚቀበል ሆኗል።

የድሮ መኪና ብረት ነበር ለሚሉትም መልሱ በመስከረም 2009 ተሰጥቷል። በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም (እርሱም የተመሠረተው በዚያው በ1959 ነው) ለሃምሳኛ ዓመት በዓሉ አንድ የ1959 ሞዴል ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። የድሮው ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ እንደ መርከብ የሚያስፈራ መኪና ነው። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሮጡ ነበር። በድሮው ውስጥ ጋቢናው ታጥፎ፣ መሪው ወደ ላይ ተወርውሮ፣ በውስጡ ሰው ኖሮ ቢሆን ይሞት ነበር ተባለ። በአዲሱ ውስጥ ያለው ቢበዛ እግሩን ቢያመው ነው። የክርክሩ አንደኛ ወገን መሪ የነበረው ጓደኛችን የዚህን ግጭት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሦስት ጊዜ አይቶ «በዚህ እንኳ ተረትቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶናል።

ነገር ግን ሁለተኛውም ወገን ቶሎ ደስ አይበለው። ይኸው ተቋም በዚያው በ2009 በሚያዝያ ሦስት ትንንሽ መኪናዎችን በየራሳቸው ፋብሪካ ከተሠሩ መካከለኛ መኪናዎች ጋር አጋጭቷል። ስማርት ከመርሴዲስ ሲ ክላስ፣ ሆንዳ ፊት ከሆንዳ አኮርድ፣ ቶዮታ ያሪስም ከቶዮታ ካምሪ ጋር፤ ሁሉም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር። ሦስቱም ትንንሾች በመከለያው ፈተና «ጥሩ» የሚለውን ከፍተኛ ማዕርግ ያገኙ ነበሩ። በዚህኛው ግን ሦስቱም የመጨረሻውን ዝቅተኛ ማዕርግ አገኙ። ስማርቷ አየር ላይ ተነሥታ አንድ ጊዜ ከሩብ ዞረች። የያሪስ በር ከቦታው ተገነጣጥሎ መሪዋ እጅግ ወደ ውስጥ ገባ። ያሪስ ማለት ደግሞ እኛ ቪትዝ የምንላት ናት፤ በ2005 በአውሮጳ አምስት ኮከብ ያገኘችው ያቺው ትውልድ።

ታዲያ ኮከቡ ውሸት ነበርን? አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ኒውተን ያስተማረንን ሒሳብ ማሰብ ያሻል። አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪናና ሁለት ቶን የሚመዝን ትልቅ መኪና እያንዳንዳቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሮጡ ፊት ለፊት ቢጋጩና ቢጣበቁ፣ ሁለቱም ትልቁ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። የትልቁ ፍጥነት የተለወጠው በ33 ብቻ ነው፤ የትንሿ ግን 50ውን ካጣች በኋላ ወደ ኋላ ስለ ተገፋች በ67 ተለውጧል። ግጭቱ አንድ፣ መንገዱም አንድ ሆኖ ሳለ የትንሿ ተሳፋሪ በእጥፍ ከፍሏል። በመከለያ ፊት የሚደረገው ፈተና መኪናይቱን ከገዛ ራሷ ጋር ብቻ እንድትታገል ያደርጋታል፤ ከክብደቷ እኩያ ጋር እንደ መጋጨት ነው። ስለዚህ የትንሿ አምስት ኮከብ ከሌሎች ትንንሾች ጋር ያወዳድራታል እንጂ ከትልቁ ጋር እኩል አያደርጋትም። በክርክራችን ላይ ይህን የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ለእኛም ይህ የጥናታችን ዋና ትርፍ ነው።

ይህን ሰምተው ትልቅ መኪና ያላቸው እንዳይኰሩ ሒሳቡን ጥቂት ቀጠልነው። በአውራ ጎዳናዎቻችን ላይ የሚያስፈራው ሰው ቀይ ሽብር የሚለው ሲኖ ትራክ ነው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚሆን የጭነት መኪና በዚያው ፍጥነት ፊት ለፊት ቢመጣ፣ አንድ ቶኗ ትንሽ መኪና በ97 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነቷ ይለወጣል። ሁለት ቶኑ ትልቅ መኪናስ? በ94። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዝሆን ጋር ለሚጋጭ ድመት መሆንና በግ መሆን ብዙ አይለያይም። እዚህ ላይ የሚያድነው ክብደት ሳይሆን አለመጋጨት ነው፤ ይህም የፍሬን፣ የመንገድና የሾፌር ጉዳይ ስለ ሆነ ከአርእስታችን ይወጣል። በከተማችን በመኪና የሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑንም አልዘነጋንም፤ እግረኛው ኮከብ የለውም።

ሌላው ያሳሰበን ነገር ድኻ አገር የሚሸጥለት መኪና ነው። በጥር 2014 ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ድርጅት በሕንድ አገር የሚሸጡ አምስት ትንንሽ መኪናዎችን መርምሮ ለአምስቱም ዜሮ ኮከብ ሰጣቸው። ከነሱም መካከል ሱዙኪ አልቶ 800ና ታታ ናኖ ነበሩ። አንዷ የቮልስዋገን ፖሎ ነበረች፤ ጋቢናዋ ጸንቶ የቆመ ቢሆንም የአየር ከረጢት ስላልነበራት ነው የወደቀችው። ሁለት የአየር ከረጢት ያላት ያችው መኪና ስትፈተን አራት ኮከብ አገኘች! በአውሮጳ ለሚኖር ሰው ከመኪናይቱ ጋር የሚሰጠው ነገር ለሕንዱ በምርጫ መሸጡን አየን። በጥቅምት 2016 ደግሞ በሜክሲኮ ከሚሸጡት እጅግ ርካሽ የሆነውን ኒሳን ሱሩን በአሜሪካ ርካሽ ከሆነው ኒሳን ቨርሳ ጋር አጋጩ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች፣ ሁለቱም ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን የሱሩ ሾፌር ይሞት ነበር፤ የቨርሳው ይተርፍ ነበር። የሱሩም ሥራ በ2017 አበቃ። እዚህ ላይ ትንሽነት ምክንያት ሊሆን አልቻለም፤ ለአንዱ ሰው የታሰበው ለሌላው አልታሰበም እንጂ።

ወደ አገራችን የመጡት ሱዙኪዎች ብዙዎቹ ከሕንድ ናቸው። መልካሙ ነገር፣ አዲሷ ዲዛየር በ2024 በዚያው ድርጅት ተመርምራ አምስት ኮከብ አግኝታለች። ነገር ግን ስም አንድ ሆኖ ትውልድ ይለያያል፤ የዘንድሮዋ ኮከብ ለአምናዋ አይሆንም። ስለዚህ አባትህ መኪና ሲገዙ «ስሟ ማን ነው» ብቻ ሳይሆን «የስንት ዓመት ሥራ ናት፤ የአየር ከረጢት አላትን፤ የፈነዳው ተተክቷልን» ብለህ ብትጠይቃቸው ድፍረት አይሆንብህም። ከእኛ አንዱ እንዲህ ጠይቆ አባቱ «ይህን ትምህርት ቤት ያስተማረህ ከሆነ የከፈልሁት ገንዘብ አልጠፋም» አሉት።

የክርክሩን ፍርድ እንድንጽፍ ስለ ታዘዝን እንዲህ ብለናል። የዛሬዋ ትንሽ መኪና ከትናንቷ ትንሽ መኪና፣ እንዲያውም ከትናንቱ ትልቅ መኪና፣ አብልጣ ትጠብቃለች። ከዛሬው ትልቅ መኪና ጋር ስትጋጭ ግን ትሸነፋለች፤ ይህንን ምንም ዐይነት ብልኀት በሙሉ ሊያጠፋው አልቻለም። መምህራችን ይህን አንብበው «ቀበቶ ላልታጠቀ ሰው ሁለቱም አይሠራም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቀይ ጨመሩበት።

ባለፈው የወላጆች ቀን ግቢው በመኪና ተሞልቶ ነበር። ከባለ መኪናዎቹ ፈቃድ እየጠየቅን የኋላ ወንበራቸውን ለማየት ተከፋፍለን ዞርን። በብዙዎቹ የቀበቶው መቈለፊያ በወንበር ልብስ ሥር ተቀብሮ አገኘነው። አንድ አባት ለስድስት ዓመት የነዷት መኪና የኋላ ቀበቶ እንዳላት ያወቁት በዚያን ዕለት ነው፤ «ለካ እዚህ ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ልብሱን በምላጭ እየቀደደች መቈለፊያውን ታወጣ የነበረችው ያቺ እግሯ ተሰብሮ የነበረች እኅታችን ናት። እስከ ዛሬ ጥቂት ታነክሳለች፤ ነገር ግን ከመኪና ወደ መኪና ስትሄድ ማንም አልቀደማትም።

አጎቷም ሌላ መኪና ገዝተዋል፤ አቅማቸው የፈቀደላቸው ይህንኑ ስለ ሆነ አሁንም ትንሽ ናት። የወንበር ልብስ ለማሰፋት በሄዱ ጊዜ በኋላው ወንበር ላይ ሦስት ቀዳዳ እንዲተውላቸው ቢነግሩት ሰፊው «ለምን ያበላሹታል ጋሼ» ብሎ ተከራከራቸው አሉ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በሱቁ በራፍ ቆመው ጠበቁት።